አደይ በጥር የለም፤ ታዲያ ምን አለ?

«ሰላም እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ። ታናሽ እህቴ የጥር የመጨረሻው እሑድ ልታገባ ነው። ጠዋት ተክሊል ነው፤ ከዚያ ጣና ዳር ፎቶ፤ ምሳው ደግሞ ሐይቁ አጠገብ በድንኳን፣ ለ400 ሰው። ቤተሰቡ ሥራ ሲከፋፈል አበባው ለእኔ ደረሰኝ። ቀላል መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ሁሉም የየራሱን ሐሳብ ይዞ መጥቷል። ሙሽራዋ አደይ አበባ ካልሆነ ትላለች። በእጇ የምትይዘው ደግሞ ስልኳ ላይ ያየችው ፒዮኒ የሚባል አበባ እንዲሆን ነው የምትፈልገው። ዲኮር የሚሠራው ልጅ “ለምን ትደክማላችሁ፣ ሁሉንም በአርቴፊሻል እንጨርሰው” ይላል። አንዷ ሚዜ “እምቦጭ እኮ ወይን ጠጅ አበባ አለው፣ ያምራል፣ ደግሞ በነጻ ነው” ብላ ፎቶ ልካልኛለች። እናቴ ቄጠማ እያለ አበባ ምን ያደርጋል ባይ ናት። በዚህ ላይ የሙሽራው ወገኖች ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ቢሆን ይሻላል የሚል ወሬ ጀምረዋል። ይኸው ጥቅምትም እያለቀ ነው። ከየት ልጀምር?
ታላቅ እህት፣ ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር»

እህት ዓለም፣ እንኳን ደስ አላችሁ። አበባው ስለደረሰሽ አትማረሪ። በሬውና ጠጁ የደረሳቸው እስከ ሰርጉ ማግስት እንቅልፍ የላቸውም።

ከምንም በፊት ቀኑን አስቆርጪ። የጾሙንና የበዓሉን ነገር ሽማግሌዎቹ ያውቁበታል፤ እኔ አልገባበትም። ነገር ግን የጥር ሰርግና የሚያዝያ ሰርግ በአበባ በኩል አይገናኙም። ጥር ላይ ባሕር ዳር ዝናብ የለም። ቀን ላይ ወደ 27 ዲግሪ ይሞቃል፤ ሌሊት ግን ጋቢ ያስደርባል። ለተቆረጠ አበባ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። አመሻሽ ላይ ባልዲውን ወደ በረንዳ ካወጣሽው አበባው ያለ ፍሪጅ በርዶት ያድራል።

ከፋሲካ በኋላ ያለው ጊዜ ሌላ ነው። የከተማዋ ሙቀት የሚከርረው ያኔ ነው። ወደ ግንቦት ሲገባ ደግሞ የከሰዓት ዝናብ ይጀምራል፤ ድንኳን ለጣለ ሰው መልካም ዜና አይደለም። የሚያዝያ ጽጌረዳ ምሳ ሳይቀርብ አንገቷን ትደፋለች። እርግጥ ያኔ ከተማዋ ራሷ ታብባለች። ጃካራንዳው ወይን ጠጅ ይሆናል፤ የድሬዳዋ ዛፍ ደግሞ ቀይ። ለፎቶ ከዚህ በላይ የለም። ግን እነዚህ ዛፍ ላይ ሆነው የሚያምሩ ናቸው። ጃካራንዳ ቀጥፈሽ ጠረጴዛ ላይ ብታስቀምጪ፣ እንግዳው ሳይቀመጥ አበባው ጨርቁ ላይ ረግፎ ታገኚዋለሽ። የዘጌን የቡና አበባ የሚመኙም አሉ። ነጭ ነው፣ ሽታው ልብ ይወስዳል። ነገር ግን የሚቆየው ሁለት ሦስት ቀን ነው። ደግሞ አበባውን የቀጠፈ ቡናውን ቀጠፈ ማለት ነው፤ ባለቤቱ እሺ አይልሽም፤ እውነቱንም ነው።

ስለዚህ ለአበባው ሲባል ጥር ይጽና። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለጥር ነው።

አሁን ወደ አደይ። ለእህትሽ እቅጩን ንገሪያት። አደይ ክረምቱ ሲወጣ ይፈነዳል፣ ከመስከረም እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ሜዳውን ቢጫ ያለብሰዋል፣ ከዚያ ዘሩን በትኖ ይደርቃል። የሚቀጥለው ክረምት ካልመጣ አይመለስም። ገንዘብም ሆነ ዘመድ ይህን አያስቀይረውም። በወቅቱም ቢሆን እኮ አደይ ለሙሽራ እጅ የሚሆን አበባ አይደለም። ግንዱ ቀጭን ነው፤ ከተቀጠፈ ወዲያው ይጠወልጋል። የእንቁጣጣሽ ልጆች ጠዋት ይዘውት የመጡት አደይ ከሰዓት ምን እንደሚመስል አንቺም ታውቂዋለሽ።

ግን “የለም” ብለሽ ብቻ አትመልሻት። ምኑን እንደወደደችው ጠይቂያት። ቢጫነቱን ከሆነ፣ መላ አለው፤ እንዲያውም ጊዜው አሁን ነው። ኮስሞስ የሚባል አበባ አለ፤ ቢጫና ብርቱካናማ የሚያብበውን ዓይነት ነው የምልሽ። ከአደይ ጋር በዘር ይዛመዳሉ። መልኩም ከሩቅ ያሳስታል፤ ስምንት ገደማ የአበባ ቅጠል አለው፣ መሐሉ ቢጫ ነው፣ ቁመቱም ወገብ ይደርሳል። ዘሩ ከተዘራ ከ7 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ያብባል። ግማሹን ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ ግማሹን ከ10 ቀን በኋላ ዝሪ። አንዱ ቢቀድም ሌላው ይደርሳል። ደግሞ ሌሊቱ ሲበርድ ትንሽ ሊዘገይ ስለሚችል፣ ከዚያ በላይ አታዘግዪው። ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ይሁን። ፍግ አታብዢበት፤ መሬቱ ከሰባ ቅጠል ብቻ ይሆንብሻል። ማበብ ሲጀምር የጠወለገውን እየቀነጠብሽ ጣይ፤ ዘር ማፍራት ከጀመረ አበባውን ይቀንሳል።

ጓሮ ከሌለሽ መንገድ ዳር ችግኝ ከሚያፈሉት ልጆች ጋር ዛሬውኑ ተነጋገሪ። ኮስሞሱን፣ ማሪጎልድና ዚኒያ የሚባሉትንም አበቦች በፕላስቲክ ከረጢት እንዲያሳድጉልሽ ቀብድ ስጪያቸው። ከነአፈሩ የመጣ አበባ አይጠወልግም፤ ከሰርጉም በኋላ ዘመድ ለየቤቱ ይወስደዋል። ድንኳኑ መግቢያ ላይ ግራና ቀኝ ከረጢቶቹን በቅርጫት ወይም በሙዳይ ደብቀሽ ብትደረድሪያቸው ሜዳ ላይ ያለሽ ይመስልሻል። አበባው ከነሥሩ ነውና ከሰዓት የሚመጣው ንፋስም ብዙ አይጎዳው።

በነገራችን ላይ እህትሽ የፈለገችው ቢጫ የኑግ ማሳ ውስጥ ቆሞ ፎቶ መነሣት ከሆነ፣ ያ ለጥቅምት ሰርገኞች የተሰጠ ነው። በጥር ኑጉ ታጭዶ አልቋል።

ፒዮኒ ላይ አልዘገይም። ጥቅል ጎመን የሚያህል የሚያምር አበባ ነው፣ አልክድም። ግን የከባድ ብርድ አገር ተክል ነው። ክረምቱን በብርድ ካልተኛ አያብብም፤ ባሕር ዳር ደግሞ እንዲህ ያለ ብርድ የላትም። በአውሮፓም ቢሆን የሚያብበው በእኛ ሚያዝያ መጨረሻና ግንቦት ላይ ነው። በጥር ፒዮኒ ማስመጣት ከምድር ማዶ አስመጥቶ በዶላር መክፈል ነው። ያንን ገንዘብ ለሌላ አድርጉት።

ምትኩ ጽጌረዳ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሺኝ፣ ብዙ የምለው አለኝ።

አገራችን ከኬንያ ቀጥላ በአፍሪካ ብዙ አበባ ወደ ውጭ የምትልክ ናት። አብዛኛው ደግሞ ጽጌረዳ ነው። ግን ጽጌረዳ ሁሉ አንድ አይደለም። እንደ ሆለታ ካለ ደጋ የሚመጣው በቀዝቃዛው ሌሊት ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ጭንቅላቱ ትልቅ፣ ግንዱም ረጅም ይሆናል። ከዝዋይ በኩል የሚመጣው ቶሎ ስለሚደርስ ጭንቅላቱ አነስ ይላል። ለሙሽራ እጅ የደጋውን፣ ለጠረጴዛ የዝዋዩን ብትይዢ ገንዘብሽ ይበረክታል። ሻጩን “ከየት የመጣ ነው?” ብለሽ ጠይቂው። የማያውቅ ከሆነ ግንዱን አይተሽ ራስሽ ፍረጂ።

ዋናው ግን የጊዜው ነገር ነው። የፈረንጆቹ የፍቅረኞች ቀን የሚውለው የካቲት 7 ነው፤ ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት ደግሞ የካቲት 6። የእናንተ ሰርግ የጥር መጨረሻ። እርሻዎቹ ያን ሰሞን ሌሊትና ቀን ወደ ውጭ ይልካሉ። በተለይ ቀዩን ጽጌረዳ። አገር ውስጥ የሚቀረው ለውጭ መስፈርት ያልሞላው ነው፤ እሱም ይወደዳል። ስለዚህ ቀይ አትምረጡ። ነጭ፣ ክሬም፣ ቢጫና ኮክ የሚመስለው ቀለም በዚያ ሰሞን ያን ያህል አይሻሙበትም። ለእህትሽ ምኞትም የሚስማሙት እነሱ ናቸው። ሻጩ ጋር ደግሞ ለመጠየቅ ጥርን አትጠብቂ። በታኅሣሥ ቀብድ ከፍለሽ፣ ቀለሙንና ብዛቱን በወረቀት አስፍረሽ ውጪ።

ፒዮኒ የምታስመስዪው እንዲህ ነው። ትልልቅ ክሬም ጽጌረዳ ምረጪ፣ ከግማሽ በላይ የተከፈተ። ከሰርጉ ዋዜማ ማታ አንዱን አንስተሽ የውጭውን የአበባ ቅጠል በአውራ ጣትሽ ሥሩ ላይ ያዢ። በሌባ ጣትሽ ጫፉን በቀስታ ወደ ውጭ ገልብጪው፣ እንደ ኮሌታ። ቅጠሉ “ጠስ” ብሎ ይገለበጣል፤ አይቀደድም። ከዚያ ቀጣዩን ረድፍ። ሦስት ረድፍ ያህል ገልብጠሽ መሐሉን እንደተዘጋ ተዪው። አበባው እጥፍ አክሎ ይታይሻል። ሰባት ስምንቱ እጅ የሚሞላ ቡኬ ይወጣቸዋል። ቅጠሉ ደረቅ ከሆነ ግን ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ቀድሞ ውሃ የጠገበ መሆን አለበት። ሙሽራዋ ፊት አትሞክሪው። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ዘንግ ገዝተሽ ብቻሽን ተለማመጂ።

አበባው ከአዲስ አበባ ከመጣ መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መሐል ላይ የአባይ በረሃ ሙቀት አለ። የመንገዱን ነገር ደግሞ እኔ ለአንቺ አልነግርሽም። አንድ ቀን ክፍት ነው፣ አንድ ቀን አይደለም። በአውሮፕላን ግን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ካርቶን የሚያስገባ ዘመድ ፈልጊ። ሐሙስ ወይም ዓርብ ጠዋት እጅሽ ይግባ። ቅዳሜ ብትይ ለችግር ቀን አልተውሽም። ደግሞ ያ ካርቶን ቢቀርስ ብለሽ አስቢ። ካርቶኑ የሚሸከመው የሙሽራዋን ቡኬ፣ የሚዜዎቹንና የደረት አበባውን ብቻ ይሁን። ድንኳኑ፣ ጠረጴዛውና መግቢያው ከዚሁ ከባሕር ዳር በሚገኝ ነገር ይሙላ። ካርቶኑ ቢቀር ሰርጉ አይቆምም፤ ለቡኬውም ከጓሮሽ ኮስሞስ ታስሪያለሽ። ይኸን አንድ ነገር ካደረግሽ ሌላው ሁሉ ዕዳው ገብስ ነው።

ሲደርስ ምን ታደርጊያለሽ? ካርቶኑን ጥላ ቦታ ክፈቺ። ውሃ ውስጥ የሚገባውን የግንዱን ቅጠል ሁሉ ንቀይ፤ ቅጠል ውሃ ውስጥ ሲቆይ ይበሰብሳል፣ ውሃውንም ያበላሻል። ግንዱን ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል በሰያፍ ቁረጪ፤ ቢቻል ውሃ ውስጥ እንደተነከረ። አየር ከገባበት ውሃ አይስብም። መቁረጫሽ ስለታም ይሁን፤ የደነዘ መቀስ ግንዱን ይጨፈልቀዋል። ለ1 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ 2 የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ ጥቂት ጠብታ በረኪና ጨምሪበት። ስኳሩ ይመግባታል፣ ሎሚው ውሃውን እንድትስብ ይረዳታል፣ በረኪናው ተሕዋስያኑን ይገድላል። ውሃውን በየቀኑ ለውጪ። አበባው የተቀመጠበት ክፍል ውስጥ ሙዝና ማንጎ እንዳይኖር። የሰርግ ቤት አንድ ጥግ ሙዝ ተከምሮ ያልተገኘበት ቀን የለም። የሚበስል ፍሬ የሚያወጣው ጋዝ አበባን ቶሎ ያስረጃል፤ ካርኔሽን የሚባለው አበባ በተለይ አይችለውም። ጭስም እንደዚያው ነው፤ ወጥ የሚሠራበት ጓዳ አጠገብ ባልዲ አታስቀምጪ።

ካርኔሽን ካነሣሁ፣ ሰው ይንቀዋል እንጂ ለጥር ሰርግ እንደ እሱ ታማኝ የለም። በውሃ ውስጥ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ነጩን ጂፕሶፊላ ከሚባለው ደቃቅ ነጭ አበባ ጋር ብታቀላቅዪው ዋጋው አይጎዳም፤ ለመልሱም ይደርሳል።

እምቦጩን በተመለከተ መልሴ አጭር ነው፤ አይሆንም። ምክንያቱን ለሚዜዋ እንድትነግሪያት ልጻፍልሽ። አበባው እውነትም ያምራል። ይኸው ውበቱ ነው ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ ዓለምን እንዲዞር ያደረገው፤ ሰው ለኩሬው ማስዋቢያ ብሎ እየወሰደው። ጣና ላይ መታየቱ የተነገረው በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ከዚያ ወዲህ በደምቢያና በፎገራ በኩል ያለው ገበሬና ዓሣ አስጋሪ ምን እንዳየ ሁላችንም እናውቃለን። ሰው እስከ ደረቱ ውሃ ገብቶ በእጁ የነቀለው አረም ነው። ከቅርንጫፉ አንድ ቁራጭ ንጹሕ ውሃ ላይ ከወደቀ ራሱን ያበዛል። ዘሩ ደግሞ ደለል ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። እናንተ ከአንዱ ዳርቻ ቀጥፋችሁ ሌላ ዳርቻ ላይ ፎቶ ተነሥታችሁ የተረፈውን ስትጥሉት ምን እንደምታደርጉ አስቢው። ይህ ሁሉ ባይሆንም እንኳ አበባው ከአንድ ሁለት ቀን በላይ አይቆይም፤ ግንዱ ታጥፎ ይወድቃል። ወይን ጠጅ ቀለም ከፈለጋችሁ ስታቲስ የሚባል አበባ አለ። ርካሽ ነው፣ ደርቆም ቀለሙን አይለቅም።

ዲኮር የሚሠራው ልጅ ክፉ አልተናገረም። ለእሱ አርቴፊሻል ማለት ቅዳሜ ማታ ሰቅሎ መተኛት ነው። እኔም ሁሉንም እምቢ በዪው አልልሽም። አርቴፊሻሉ ከራስ በላይ ይሁን። ድንኳኑ ጣሪያ ላይ፣ የመግቢያው ቅስት አናት ላይ፣ ሰው ቀና ብሎ ብቻ የሚያየው ቦታ። እጅና አፍንጫ የሚደርስበት ቦታ ላይ ግን ትኩሱ ይሁን። ደግሞ የሚያከራየውን ቀድመሽ በቀን ብርሃን እዪው። ስንት ሰርግ የዋለ፣ አቧራ የጠጣ ነጭ ጽጌረዳ ወደ ቡናማ ይሄዳል፤ ማታ በመብራት አይታይም፣ ጠዋት ጣና ዳር ግን ያሳፍራል። ያልታጠበ ከሆነ ታጥቦ እንዲመጣ በውሉ ላይ ይግባ።

እናትሽ ግማሽ እውነት አላቸው። ቄጠማ የሌለበት ሰርግ ምን ሰርግ ነው? እኔ እንዲያውም ከቄጠማው አልፈሽ እንድትሄጂ ነው የምፈልገው። ጠጅ ሳርና አሪቲ ከቄጠማው ጋር ጎዝጉዢበት፤ እንግዳው ሲረግጠው ሽታው ይነሣል። ይህን የሚሰጥሽ ጽጌረዳ የለም፤ ለውጭ ገበያ የሚበቅለው ጽጌረዳ አብዛኛው ሽታ የለውም። ለቅጠል ደግሞ የነጭ ባሕር ዛፍ ቡቃያ ፈልጊ። ገና ለጋ ሳለ ቅጠሉ ክብ ነው፣ ብርማ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ውጭ አገር አበባ ሻጮች በውድ የሚሸጡት እንዲህ ያለውን ነው። ባሕር ዳር አካባቢ ያለው ቀይ ባሕር ዛፍ ስለሆነ ይህን አይሰጥሽም። ወደ ደጋው፣ ወደ እንጅባራ በኩል ዘመድ ካለሽ አንድ ጆንያ ቡቃያ አስቆርጪ። ውሃ ውስጥ ከሳምንት በላይ ይቆያል። ዘንባባም አለ፤ መግቢያው ላይ ሁለቱን አጋድመሽ ብትሰቅዪ ሌላ ጌጥ አያስፈልገውም።

ደንገል ያልሽኝ ነገር ባይኖርም እኔ ላንሣው። ከሐይቁ ዳር ያለ ሰው ሰርግ ላይ ደንገል አለመኖሩ ይገርመኛል። ረጅም ነው፣ አናቱ ላይ ያለው አረንጓዴ ጸጉር ንፋስ ሲያወዛውዘው ደስ ይላል። ሙሽሮቹ ከሚቀመጡበት ኋላ በትላልቅ እንስራ ብታቆሚው ማንም አርቴፊሻል አይደርስበትም። ግን ሄደሽ ራስሽ አትቁረጪ። ደንገሉ ከድሮው በጣም ቀንሷል፤ ዓሣውም ወፉም መጠለያው እሱ ነው። ታንኳ ከሚሠሩት ሰዎች ጥቂት እስር ግዢ። የቱን፣ እንዴት እንደሚቆርጡ ያውቁበታል።

ጠረጴዛዎቹ ላይ አትጨነቂ። 400 ሰው ማለት 40 ጠረጴዛ ነው። ትሪው፣ ለስላሳው፣ ቢራው፣ ውሃው ሲቀመጥ ለአበባ የሚተርፈው ቦታ መዳፍ አይሞላም። ትልቅ ቫዝ ያስቀመጥሽ እንደሆነ አስተናጋጁ አንሥቶ መሬት ያደርገዋል፤ ተቀምጦ ከቀረም ንፋሱ ይጥለዋል። ጣና ጠዋት ጸጥ ይላል፣ ከቀትር በኋላ ግን ንፋስ ይነሣል። ዘጌ የሚያደርሱት ጀልበኞች በጠዋት መሄድ የሚወዱት ለዚህ ነው። እኔ የምልሽ ብርሌ ነው። ጠጁ የሚቀርብበት ብርሌ ይከራይ የለ? 40 ትርፍ ጨምረሽ ተከራዪ። አንገቱ ጠባብ ስለሆነ ሦስት ዘንግ ያለ ምንም ማሰሪያ ቀጥ አድርጎ ይይዛል፤ ሆዱ ሰፊ ስለሆነም ውሃው አያልቅም፣ አይወድቅም። አንድ ካርኔሽን፣ አንድ ኮስሞስ፣ አንድ የባሕር ዛፍ ቅጠል። በቃ።

ለሙሽሮቹ ጠረጴዛ አረንጓዴውን የአበባ ስፖንጅ የምትጠቀሙ ከሆነ ልጁን ተቆጣጠሪው። ስፖንጁን ውሃ ላይ አስቀምጦ ራሱ እስኪሰምጥ ይጠብቅ። በእጁ ጫን ካደረገው ውጭው ይረጥባል፣ መሐሉ ደረቅ ይቀራል። ግንዱ የሚሰካው ደግሞ መሐሉ ላይ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ አንዱ ጥግ ብቻ ጠውልጎ ካየሽ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ተክሊሉን በሚመለከት፣ ቤተ መቅደስ ውስጥ ምን እንደሚፈቀድ የደብሩን አገልጋዮች ጠይቂ። ሙሽሮቹ ካባ ደርበው፣ አክሊል ጭነው ስለሚቆሙ ቡኬው ያን ሰዓት ሥራ የለውም። መኪና ውስጥ ይጠብቃት። ግማሹ የተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ ሦስት ጣት ውሃ አድርገሽ ቡኬውን ክተቺው፤ ሪባኑ እንዳይነካ ግንዱን ረዘም አድርጋችሁ እሰሩት። ሃይላንዱን የሚይዝ አንድ ልጅ መድቢ፣ ፀሐይ በማያገኘው በኩል እንዲቀመጥም ንገሪው። ቅዳሴው አልቆ ሲወጡ ሐይቁ ገና ጸጥ ብሎ ስለሚሆን ፎቶውን ያኔ ጨርሱት። ከምሳ በኋላ ካላችሁ ቬሎውም ጸጉሩም አበባውም ወደ አንድ ጎን ነው የሚሄደው። የደረት አበባውን ደግሞ ለሙሽራውና ለሚዜዎቹ ሁለት ሁለት አሠሪ። ያ ሁሉ አክስትና አጎት አቅፎ ሲስማቸው የመጀመሪያው እስከ 6 ሰዓት አይቆይም።

የሙሽራው መኪና ላይ የሚለጠፈው አበባ ግድ የለም፣ እሱ አርቴፊሻል ይሁን። በፀሐይ የጋለ ኮፈን ላይ ምንም አይቆይም።

እሑድ ማታ እንግዳው ሲሸኝ ብርሌዎቹን እየዞረ የሚሰበስብ አንድ ሰው ያስፈልግሻል። ካርኔሽኑን፣ ስታቲሱንና ባሕር ዛፉን ባልዲ ውስጥ መልሺ፤ ለመልሱ ቀን ሌላ አበባ አትገዢም። ኮስሞሱ ግን ለዚያ አይደርስም፤ ከጓሮ አዲስ ትቆርጪያለሽ።

አሁን ዘር ፈልጊ። ዲኮረሩንም በዚህ ሳምንት አግኝተሽ ውሉን ጨርሺ። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ስልኩን አያነሣልሽም።